የአሉሚኒየም ጀልባ ወለል አቀያየር፦ ጎርጎራ ለሚሠሩ፣ ጎንደር ለሚገዙ

የጀልባው ወለል ስትረግጡት መስመጥ ከጀመረ፣ ወይም ከመቀመጫው ሥር የሻጋታ ሽታ ካለ፣ እንጨቱ ከላይ ደህና ቢመስልም ከሥር አልቋል። ብዙ ሰው የሚመርጠው አቋራጭ አዲስ ፕላይውድ ከአሮጌው ላይ ደርቦ መምታት ነው። አያዋጣም። የበሰበሰው እንጨት ውሃውን እንደያዘ ይቀመጥና አዲሱን ከሥር ይበላዋል፤ ጀልባውም ያለ ጥቅም ይከብዳል።

የጣና ውሃ ጨው የለውም። ለአሉሚኒየሙ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ለእንጨቱ ግን በተቃራኒው ነው። ጨው እንጨት የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ያዳክማል፣ የሐይቅና የዝናብ ውሃ ግን ይመቸዋል። ስለዚህ እዚህ ወለል የሚገድለው ከላይ የሚረጨው ሞገድ ሳይሆን ከሥር መውጫ አጥቶ የሚተኛው ውሃ ነው። ጥሩ እንጨት ገዝታችሁ ውሃው የሚወጣበትን መንገድ ካላበጃችሁ፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ያንኑ ሥራ ትደግሙታላችሁ።

ከዚህ በታች ያሉት ልኮች 4.3 ሜትር ያህል ርዝመት ላለው፣ በሪቬት (ጅራቱ ተቀጥቅጦ በሚይዝ ምስማር) ለተያያዘ፣ ከወለሉ ሥር አግድም የአሉሚኒየም አጥንቶች ላሉት ጀልባ የሚሆኑ ናቸው። ትልቅ ወይም በብየዳ የተሠራ ጀልባ ከሆነ መጠኑ ይለያያል፣ አሠራሩ ግን ያው ነው።

መቼና የት

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ጊዜ ሥሩ። በክረምት እንጨቱ በአየሩ እርጥበት ያብጣል፣ ቀለሙም ማሸጊያውም በወጉ አይደርቅም። ግንቦት ላይ ሐይቁ ስለሚሸሽ ጀልባውን ወደ ደረቅ መሬት ለማውጣት ረጅም መንገድ መጎተት ይኖራል፤ እሱን ካልፈለጋችሁ ኅዳርና ታኅሣሥ ይመቻል።

ጀልባውን በአይሱዙ ጭኖ ከጎርጎራ በጯሂት፣ በቆላ ድባና በአዘዞ አድርጎ ጎንደር ድረስ መውሰድ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። 60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ በደንብ ያልታሰረ ቀጭን ቀፎ (የጀልባው አካል) በየጉድጓዱ ሲነጥር ደህና የነበረ ሪቬት ሊላላ ይችላል። የሚሻለው ጀልባውን ዳርቻው ላይ ትቶ አሮጌውን ወለል ወይም የካርቶን ልኩን ወደ ጎንደር መውሰድ፣ ፕላይውዱን እዚያ ማስቆረጥ፣ ከዚያ ይዞ መመለስ ነው። የግድ መጫን ካለበት ተገልብጦ በጠርዙ ይቀመጥ፤ ከሥሩ አሮጌ ጎማ ወይም ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ ይደረግ፤ ገመዱ ቀፎውን በሚነካበት ሁሉ ጨርቅ ይግባ።

የምትፈልጉት ዕቃ

ፕላይውድ 12 ሚሊ ሜትር፣ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ ሁለት ሙሉ። በስፋት ብቻ ብታሰሉት አንዱ ይበቃ ይሆናል፤ ነገር ግን መጋጠሚያው የግድ አጥንት ላይ መዋል ስላለበት ከቁራጩ ብዙው ይባክናል። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ርቀት ከ40 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ 15 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ውሰዱ።

ማሰሪያው ስቴንለስ ስክሩ ወይም ሰፊ ራስ ያለው የአሉሚኒየም ሪቬት ነው፤ ከ70 እስከ 80 ፍሬ ያስፈልጋል። በተጨማሪ ሁለት ቱቦ ፖሊዩሪቴን ማሸጊያ፣ ኢፖክሲ (ሁለት ክፍሉ ተበጥብጦ የሚጠነክር ማሸጊያ) 3 ኪሎ ያህል፣ አኳራጅ፣ የብርጭቆ ወረቀት 80 እና 120 ቁጥር፣ የናይሎን ብሩሽ፣ ትራፓኖ፣ ባለ 3፣ 5 እና 8 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ ጂግሶ፣ የሪቬት ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ የአፍና የዓይን መከለያ። አንድ ባዶ ቢጫ ጀሪካንም ያዙ፤ ምክንያቱ ወደኋላ ይመጣል።

ስክሩ ስትገዙ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ስቴንለስ በማግኔት አይሳብም፣ ቢሳብም እጅግ በደካማው ነው። ጥርቅ ብሎ ከተጣበቀ ብዙ ጊዜ የሚያብረቀርቅ ቅብ ያለው ተራ ብረት ነው፤ አሉሚኒየም ላይ ገብቶ ሲረጥብ ይዝጋል፣ ዙሪያውንም ያስበላል። ነሐስና መዳብ ደግሞ ከዚያም የከፉ ናቸው፤ በምንም መንገድ አይግቡ።

ፕላይውዱን መምረጥ

ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ከነጭራሹ ይቅሩ፤ ውሃ ሲነካቸው አብጠው ይፈርሳሉ። ለቤት ዕቃ የሚሸጠው ተራ ፕላይውድ ሙጫው ውሃ አይችልም። ለኮንክሪት ቅርጽ ማውጫ የሚሸጠው ጥቁር ፊልም የለበሰው ከተራው ይሻላል፣ ግን ሁለት ጉድለት አለበት፦ ገጹ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ውስጡም አንዳንዴ ክፍተት ይገኝበታል። ሻጩ «ማሪን ነው» (ለጀልባ የተሠራ ነው) ማለቱ ብቻ አያሳምናችሁ። ጠርዙን ከአራቱም ወገን እዩ፤ ንጣፎቹ ሳይቋረጡ ከዳር እስከ ዳር መሄድ አለባቸው። ጥፍር የሚያስገባ ጉድጓድ ካያችሁ በውስጡም ሌላ አለ ማለት ነው፤ ውሃ የሚያድረው እዚያ ነው።

ከዚያ አንድ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ለምኑና ቤት ወስዳችሁ ቀቅሉት። ከፈላ በኋላ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ ይውጣና ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ እንደገና ይቀቀል። ንጣፎቹ በጥፍር የማይላቀቁ ከሆነ ሙጫው ውሃ የሚችል ነው። ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ቅጠል ከተገነጠለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ከማገዶው በቀር ወጪ የለውም።

ምስጥ እንዳይበላው በመዳብ ጨው የተነከረ፣ አረንጓዴ የሚመስል እንጨት አለ። ለአጥር ጥሩ ነው፤ አሉሚኒየም ጀልባ ውስጥ ግን አይገባም። መዳቡ በውሃ እየወጣ አሉሚኒየሙን ይበሳዋል። «የታከመ እንጨት አይበሰብስም» ብሎ የሚመክራችሁ አናጺ ስለ እንጨቱ ልክ ነው፣ ስለ ጀልባው ግን ተሳስቷል።

አሉሚኒየም ወለል ቢሆንስ? 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ባለ ጉብጉብ አሉሚኒየም ካገኛችሁ ይሆናል፤ በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ከ12 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ብዙም አይለይም። ግን ፀሐይ ላይ እግር ያቃጥላል፣ ዓሣ አጥማጅ ሲረግጠውም ይጮሃል። ለበርና ለመስኮት የሚሸጠው ስስ ዓይነት ከሆነ ይጎብጣል። ለእኛ ሁኔታ በደንብ የታሸገ ፕላይውድ ይበልጣል።

አሮጌውን ማንሳት

ቤንዚን ታንከሩን፣ ባትሪውንና ሞተሩን አስቀድማችሁ አውርዱ። ጀልባውን በሦስት ወይም በአራት ቦታ በጎማ ወይም በግንድ አስደግፉት፤ ክብደቱ አንድ ነጥብ ላይ አይረፍ። ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ፣ በተለይ ሽቦዎቹ የሚያልፉበትን።

ሪቬቱን ራሱን በ5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ቦርቡሩት። ራሱ ተቆርጦ ፑንታው ላይ ሲሽከረከር አቁሙ፣ የቀረውን በቀጭን ብረት መትታችሁ ወደ ታች አውጡት። ግራይንደር አትጠቀሙ፤ ፈጣን ይመስላል እንጂ ዲስኩ አጥንቱን ይቆርጣል፣ የብረት ፍንጣሪም አሉሚኒየሙ ላይ ተተክሎ ይዝጋል። የዛገ ስክሩ እምቢ ካለ ዙሪያውን ያለውን የበሰበሰ እንጨት በመሮ አንሡና ግንዱን በፒንሳ ያዙት።

እንጨቱን በድጅኖ ስታነሡ ድጅኖውን በቀፎው ላይ አታስደግፉ። የቀፎው ውፍረት ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይጎደጉዳል ወይም ሪቬት ያላላል። ሁልጊዜ አጥንት ላይ፣ በመካከሉ ቁራጭ ጣውላ አስገብታችሁ ይሁን። አሮጌውን ወለል ቢቆራረጥም አትጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ «ፊት» «ግራ» እያላችሁ ጻፉ፣ ልክ የምትወስዱበት እሱ ነው።

መቀመጫዎቹን ሁሉንም አንድ ላይ አትንቀሉ። በሪቬት በተሠራ ጀልባ ላይ አግዳሚ መቀመጫ ጎንና ጎኑን የሚወጥር ማገር ነው። የግድ ካስፈለገ አንድ ነቅላችሁ ሥሩ፣ መልሳችሁ ግጠሙ፣ ከዚያ ሌላውን። «ሰፊ ቦታ እንዲኖረኝ» ብሎ መካከለኛውን አውጥቶ የጣለ ሰው ጎኖቹ በሞገድ ሲከፈቱና ሲዘጉ ያያል፤ ስንጥቁም ቀስ ብሎ ይከተላል።

ከወለሉ ሥር ያለው

ብዙውን ጊዜ በአጥንቶቹ መካከል ፎም ታገኛላችሁ። ቆርሳችሁ ጨምቁት። ውሃ የሚያንጠባጥብ ወይም ለመጠኑ የሚከብድ ከሆነ ሁሉም ይውጣ፤ ውሃ የጠገበ ፎም አያንሳፍፍም፣ አሉሚኒየሙንም ዓመቱን ሙሉ እርጥብ አድርጎ ይይዘዋል። ስትቆርጡት ብናኙን አትተንፍሱ።

ባዶውን ቀፎ በውሃና በናይሎን ብሩሽ እጠቡ። ነጭ ዱቄት የሚመስለው ነገር አሉሚኒየሙ መበላት የጀመረበት ነው። አቼቶ በእኩል ውሃ በጥብጣችሁ ቀቡት፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ፈትጉትና በብዙ ውሃ አለቅልቁት። በረኪና፣ ኮስቲክ ሶዳና አመድ አይነካው፤ ሦስቱም አሉሚኒየም ይበላሉ። ብረት ድስት በአመድ የሚያብረቀርቅ እጅ እዚህ መከልከል አለበት። የሽቦ ብሩሽም እንዲሁ፤ የብረት ቅንጣት ይተክላል።

ከጸዳ በኋላ ጀልባውን ወደ ኋላ በትንሹ አዘንብሉና ማፍሰሻ ቡሹን ግጠሙ፤ አንድ በርሜል ያህል፣ ማለትም 200 ሊትር ውሃ ውስጡ ጨምሩ። ይህ 200 ኪሎ ነውና ድጋፎቹን መልሳችሁ እዩ። ከሥሩ ገብታችሁ የሚያነባውን ሪቬትና መጋጠሚያ በእርሳስ አክብቡ። ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባውን ውሃ ከመፈለግ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚንጠባጠበውን ማየት ይቀላል። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ቀስ ብሎ የሚያነባ አለ።

የላላ ሪቬት ለማጥበቅ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከውጭ የሪቬቱን ራስ ላይ 2 ወይም 3 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ወይም ወፍራም ብረት አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላው ከውስጥ ጅራቱን በቀላል መዶሻ አራት አምስት ጊዜ ይመታዋል። ድምፁ ከልል ካለ ወደ ደፈን ያለ ሲቀየር ይበቃል። ከዚያ በላይ መምታት ዙሪያውን ያጎደጉዳል። ጅራቱ ያለቀበት ሪቬት በቡርቦራ ወጥቶ፣ ቀዳዳው ጸድቶ፣ በማሸጊያ የተነከረ ጫፉ የተዘጋ የአሉሚኒየም ሪቬት ይግባበት። ጫፉ ክፍት የሆነው ተራ ሪቬት ከውሃ መስመር በታች አይሆንም፤ መካከሉ ቱቦ ስለሆነ ውሃ በውስጡ ያልፋል።

ሲልከን ለዚህ ሥራ አትግዙ። አሉሚኒየም ላይ በቂ አይይዝም፤ ከሁሉም በላይ አንዴ የነካው ቦታ ላይ ቀለምም ኢፖክሲም ዳግመኛ አይጣበቅም። ስንጥቅ ካለ የኤሌክትሮድ ብየዳ አያድነውም፤ የአርጎን (የጋዝ) ብየዳ ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል፣ ያውም ፎምና ቤንዚን በአካባቢው ሳይኖር።

ወለሉ ክፍት ሳለ የሞተር መስቀያውን እንጨት ፈትሹ። በካቻቪቴ እጀታ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከውስጥ በኩል በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ አንድ ቀዳዳ ብሱ። ፍቅፋቂው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ከወጣ እሱንም አሁኑኑ ቀይሩት። ወለል ቀይሮ የበሰበሰ መስቀያ መተው ሞተሩን ሐይቅ ውስጥ ለመጣል መዘጋጀት ነው።

የውሃ መንገድ

በየአጥንቱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ፣ መሃል ለመሃል፣ ውሃ ወደ ኋላ የሚያልፍበት ቀዳዳ መኖር አለበት። ብዙ ጊዜ አለ፣ ግን ተደፍኗል። ከሌለ ወይም ጠባብ ከሆነ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ብሱ፤ ከአጥንቱ ቁመት ሲሶ አይበልጥ፣ ዙሪያው በሞረድ ይለስልስ። በሰሜን ጣና ላይ ይህ ከሌላ ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል፤ መረብ ሲወጣ እምቦጭ ተከትሎ ይገባል፣ ክሩ የሚመስለው ሥሩ ከጭቃ ጋር ተጣምሮ ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናል። ስለዚህም ከኋላ፣ ከማፍሰሻው አጠገብ፣ እጅ የሚያስገባ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ተከፋች መክደኛ በወለሉ ላይ ተዉ። እጃችሁ ካልገባ አታጸዱትም።

የሚያንሳፍፈውን መመለስ

ፎሙን አውጥታችሁ ባዶ አትተዉት። አሉሚኒየም ይሰምጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ቀፎው 100 ኪሎ ከሆነ ውሃ ውስጥ 63 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሞተር 40፣ መልሕቅና ዕቃ 20፣ ውሃ ውስጥ ሆነው ጠርዙን ለሚይዙ ሦስት ሰዎች በነፍስ ወከፍ 15 ኪሎ። ድምሩ 168 ነው። አንድ ሊትር አየር አንድ ኪሎ ያህል ስለሚያነሳ 170 ሊትር ያህል የታሸገ ቦታ ያስፈልጋል። በመቀመጫዎቹ ውስጥ ደህና ፎም ካለ ቀንሱት።

ነጭ ፎም፣ ቴሌቪዥን ታሽጎበት የሚመጣው ዓይነት፣ ውሃ ብዙ አይመጥም፤ ቤንዚን ሲነካው ግን ይሟሟል። በታንከሩ በኩል በወፍራም ላስቲክ ጠቅልሉት። የፍራሽ ስፖንጅ ፈጽሞ አይሆንም፣ ውሃ ይጠጣል።

ርካሹ መንገድ ባዶ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ነው፤ 85 ፍሬ። ክዳኑን በማሸጊያ ቀብታችሁ አጥብቁት። ይህን ጎንደር ላይ አታድርጉት፤ ጎንደር ከሐይቁ ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ እዚያ የተዘጋ ጠርሙስ ጎርጎራ ሲደርስ ይሟሽሻል። ዳርቻው ላይ፣ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ዝጉት፤ በቀን ሙቀት ይወጠራል እንጂ አይጎድልም። በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስባችሁ እሰሩ፤ ልቅ ከሆነ ከአጥንቱ ጠርዝ ጋር እየተፋተገ ይበሳል። ሁሉንም ከወለል በታች መሃል ላይ አትከምሩ፤ ጀልባው ውሃ ሲሞላ ከሥር የሚገፋው ይገለብጠዋል። አብዛኛው በጎንና በጎን ከፍ ብሎ፣ የሞተሩን ክብደት የሚያክል ደግሞ ወደ ኋላ ይሁን። የውሃ መተላለፊያው ምንጊዜም ክፍት ይቅር።

ልክና ቆረጣ

አሮጌው ወለል ቅርጹን ካልጠበቀ የፍሪጅ ካርቶን ያስፈልጋል። ካርቶኑን ከትክክለኛው ስፋት 3 ሴንቲ ሜትር አጥብባችሁ ቁረጡና አጥንቶቹ ላይ አንጥፉት። ከዚያ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላትን ቁራጭ እንጨት አንድ ጎኗን ቀፎው ላይ፣ እርሳሱን በሌላው ጎኗ አድርጋችሁ ከፊት እስከ ኋላ ሳቡ። የቀፎው ጥምዝ ሁሉ ካርቶኑ ላይ ይሳላል። ጎንደር ወስዳችሁ ፕላይውዱ ላይ ስታነጥፉት ያንኑ እንጨት በተቃራኒው ተጠቅማችሁ መስመሩን ወደ ውጭ መልሱት። ካርቶኑን ከመጠቅለላችሁ በፊት የመሃል መስመርና የእያንዳንዱ አጥንት ቦታ ይታይበት።

የፕላይውዱ የገጽ ክር ከፊት ወደ ኋላ ይሂድ፤ ማለትም አጥንቶቹን ያቋርጥ። በስፋቱ ከገባ በአጥንቶቹ መካከል ይለምጣል። ከቀፎው ጎን በሁለቱም ወገን 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ። ጥብቅ ብሎ እንዲገባ ማድረግ የባለሙያ ሥራ ይመስላል፣ ግን እንጨቱ ሲያብጥ ቀፎውን ይገፋል፣ ከላይ የሚፈሰውም ውሃ መውረጃ ያጣል። መጋጠሚያው አጥንት ላይ ይሁን፤ እያንዳንዱ ጠርዝ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ይረፍበት፣ በመካከሉ 3 ሚሊ ሜትር ይተው።

ከመቀባታችሁ በፊት ሁሉንም ቁራጭ ጀልባው ውስጥ አስገብታችሁ ግጠሙ። ከመቀመጫው ሥር የማይገባ ቁራጭ እዚህ ላይ ነው የሚታወቀው። በየአጥንቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እያራራቃችሁ የስክሩ ቦታ ምልክት አድርጉ፤ ከጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ግቡ።

ማሸግ

ፕላይውዱ ላይ ያሉትን የስክሩ ቀዳዳዎች በ8 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሱ፣ በኢፖክሲ ሙሉ፣ ሲደርቅ መሃሉን በ5 ሚሊ ሜትር መልሳችሁ ብሱት። ስክሩ የሚያልፈው በኢፖክሲ ውስጥ እንጂ በእንጨት ውስጥ አይሆንም። ሥራው አሰልቺ ነው፤ አብዛኛው ወለል ግን መበስበስ የሚጀምረው ከስክሩ ቀዳዳ ዙሪያ ነው።

ጠርዙ ውሃ የሚጠጣው ከገጹ እጅግ ይበልጣል፤ ሦስት ጊዜ ቀቡት፣ የታችኛውንና የላይኛውን ገጽ ሁለት ሁለት ጊዜ። የኢፖክሲውን ሁለት ክፍል በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው መጠን በሚዛን ወይም በስሪንጅ ለኩ። በዓይን መገመት የለም፤ ማጠንከሪያ ማብዛት አያፈጥነውም፣ ተለጣፊ አድርጎ ያስቀረዋል። ብዙ በአንድ ጠባብ ዕቃ አትበጥብጡ፤ በራሱ ሙቀት ጨሶ ይደርቅባችኋል። ሰፊ ሳህን ላይ ትንሽ ትንሽ ይሁን።

ጎንደር ላይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ፕላይውዱን ጠዋት ፀሐይ ላይ አሙቁት፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ቀቡት። እየቀዘቀዘ ያለ እንጨት ኢፖክሲውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ፀሐይ ላይ እየሞቀ ያለ ግን አየር እየተነፈሰ አረፋ ያወጣል። በሁለቱ ቅብ መካከል ገጹን በውሃ እጠቡና በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት፤ ቅባት የሚመስለው ነገር ካልታጠበ ቀጣዩ አይይዝም።

ኢፖክሲ ካጣችሁ የተፈላ የተልባ ዘይት በአኳራጅ አቅጥናችሁ እንጨቱ መጠጣት እስኪያቆም ቀቡት፣ ሳምንት ያህል ይድረቅ፣ ከላይ ለውጭ የሚሆን ቫርኒሽ ይልበስ። ዕድሜው ያንሳል፣ በየዓመቱም መታደስ ይፈልጋል። ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ሞቆ እሳት ይነሳል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

መግጠም

ቢጫውን ጀሪካን ከጎኑ ቀድዳችሁ በአጥንቱ ስፋት ልክ ሰንጥቁት። ይህ ስስ ፕላስቲክ በእንጨቱና በአጥንቱ መካከል ይነጠፋል፤ እርጥብ እንጨት አሉሚኒየሙ ላይ እንዳይተኛ ይከላከላል፣ ሲረገጥም እንዳይጮህ ያደርጋል። ብዙዎች የጎማ ከመነዳሪ ይጠቀማሉ፤ ጥቁር ጎማ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲረጥብ አሉሚኒየሙን ስለሚጎዳ ፕላስቲኩ ይሻላል።

የስክሩን ርዝመት ሳትለኩ አንድም አታስገቡ። የፕላይውዱ ውፍረት 12፣ የአጥንቱ ገጽ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ 25 ሚሊ ሜትር ስክሩ ከአጥንቱ በታች 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይወጣል። በጀልባው ዳር፣ አጥንቱ ዝቅ ባለበት፣ ያ ጫፍ ቀፎውን ሊነካ ይችላል፤ እዚያ 20 ሚሊ ሜትር ተጠቀሙ። ለፑንታውም ልክ አብጁለት፦ ቁራጭ እንጨት በስታችሁ አልብሱት፣ ጫፉ 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ይታይ። አጥንቱን በስቶ ድንገት ሲለቅ ቀፎውን የሚበሳ ፑንታ የዚህ ሥራ የተለመደ አደጋ ነው።

በሪቬት ከሆነ ርዝመቱ የሚያያዙት ነገሮች ውፍረት ሲደመር 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጅራቱ ከአጥንቱ ሥር መከፈት አለበት፤ እንጨቱ ውስጥ ከተከፈተ ይሰነጥቀዋል፣ አይይዝም።

በእያንዳንዱ ቀዳዳ ጥቂት ፖሊዩሪቴን ጨምራችሁ ከመሃል ወደ ዳር እያላችሁ እሰሩ። የስክሩ ራስ እንጨቱን እስኪነካ ብቻ እንጂ እስኪሰምጥ አታጥብቁ፤ የኢፖክሲው ሽፋን ከተሰበረ የለፋችሁበት ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ይገባል። ባለ 4.8 ሚሊ ሜትር ስክሩ አሉሚኒየም አጥንት ውስጥ ሲገባ ከተሽከረከረ በኃይል አትግፉት፤ ሪቬት አድርጉበት።

ምንጣፍ አታንጥፉ። ያምራል፣ ውሃ ግን ይዞ ያድራል፣ የዓሣ ሽታም አይለቀውም። በምትኩ ሁለት እጅ የዘይት ቀለም ቀቡ፤ ሁለተኛው ሳይደርቅ ታጥቦ የደረቀና በወንፊት የተነፋ ጥሩ አሸዋ በትኑበት፣ ሲደርቅ ትርፉን ጥረጉና አንድ ስስ ቅብ ደግሙ። እርጥብ እግር አይንሸራተትም። ቀዩ የብረት አንቲረስት ግን ለብረት ነው፤ አሉሚኒየሙን የምትቀቡ ከሆነ ለአሉሚኒየም የተሠራ ፕራይመር ጠይቁ።

ባትሪ ያለው ጀልባ ከሆነ የባትሪው ነጌቲቭ ከቀፎው ጋር አይገናኝ፤ ሽቦው ሁሉ ወደ ባትሪው ይመለስ። አለበለዚያ በጨው አልባ ውሃም ቢሆን ኤሌክትሪኩ ቀፎውን ይበላል።

ቀለሙና ማሸጊያው ቢያንስ ሦስት ቀን ይድረቁ። መጀመሪያ ወደ ውሃ ስትገቡ በጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ከዳርቻ ሳትርቁ ይሁን። መክደኛውን ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ከሥር የሚገባውን ውሃ ተመልከቱ። ከአንድ ወር በኋላ ስክሩዎቹን በእጅ ካቻቪቴ አንድ በአንድ ዳስሱ፤ ፕላስቲኩ ስለሚጨመቅ አንዳንዱ ይላላል። በክረምት ጀልባው ተገልብጦ ካልተቀመጠ አፍንጫው ከፍ፣ ማፍሰሻ ቡሹ ወልቆ ይደር፤ መክደኛውም አየር እንዲገባ ክፍት ይተው።